ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሆኖ የስኮትላንድን ዋንጫ የበላው ኢስት ፋይፍ፦ የ1937–38 የውድድር ዘመን

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ኢስት ፋይፍ የሚባል የስኮትላንድ ክለብ በ1938 ሁለተኛ ዲቪዚዮን እያለ የሀገሪቱን ዋንጫ በልቷል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ፣ ሬንጀርስና ሴልቲክ ባሉበት ሀገር እንዴት ሊሆን ቻለ? ዕጣ ቀንቶት ነው ወይስ የምር ጥሩ ቡድን ነበር? ጥሩ ከነበረስ ለምን ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አላደገም?»

አዎ፣ እውነት ነው። ኢስት ፋይፍ ሚያዝያ 27 ቀን 1938 ግላስጎው ውስጥ ሃምፕደን ፓርክ ላይ ኪልማርኖክን 4 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን ወስዷል። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ ከከፍተኛው ዲቪዚዮን ውጭ ያለ ክለብ ይህን ዋንጫ እስኪያነሳ ድረስ 78 ዓመት ፈጅቷል። ያነሳውም ሂበርኒያን ነው፤ በ2016 ሬንጀርስን 3 ለ 2 አሸንፎ። እሱም ቢሆን ለጊዜው የወረደ ትልቅ ክለብ ነው። ኢስት ፋይፍ ግን የአንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ ቡድን ነበር።

ስለ ዕጣው ለጠየቁት፣ አዎ፣ ዕጣ ረድቶታል። ይህን የሚክድ ሰው የዚያን ዓመት ውጤቶች አልተመለከተም ማለት ነው። ይሁንና «ቀናው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ትልቅ ስህተት ነው። ቡድኑ ያለፈባቸውን ክለቦች ከሊጉ ሰንጠረዥ ጋር ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የሚታየው ታሪክ ሌላ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ ቦታውን ላሳይዎት።

ፋይፍ ከኤድንብራ በስተሰሜን፣ ከባሕር ሰርጡ ማዶ የሚገኝ አውራጃ ነው። በዚያ ዘመን የድንጋይ ከሰል ሀገር ነበር። ክለቡ የተቀመጠባት ሜቲል ደግሞ ከሰሉ በመርከብ የሚጫንባት ወደብ ናት። ክለቡ የተመሠረተው በ1903 ነው። ሜዳው ያኔ ቤይቪው ፓርክ ይባል ነበር፤ መለያው ጥቁርና ወርቃማ ነው። ደጋፊው ማዕድን ቆፋሪው፣ የወደቡ ሠራተኛና ቤተሰቡ ነበር። በ1926 የማዕድን ባለቤቶች «ደመወዝ ቀንሰን፣ ሰዓት ጨምረን ካልሆነ አትገቡም» ብለው በር ሲዘጉ፣ ይህ አካባቢ ለወራት ያለ ገቢ ቆይቷል። የሚገርመው፣ ኢስት ፋይፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋንጫ ፍጻሜ የደረሰው በዚያው የችግር ክረምት ማግስት ነው። ሚያዝያ 1927 በሴልቲክ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ያኔም ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነበር። መጀመሪያ ጎል ያገባው ግን ኢስት ፋይፍ ነው። በሬዲዮ በቀጥታ የተላለፈ የመጀመሪያው የስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜም ያ ጨዋታ ነው። ስለዚህ በ1938 ሃምፕደን ሲገቡ ሀገር የማያውቃቸው እንግዶች አልነበሩም።

አሁን ወደ ሊጉ እንሂድ። «ሁለተኛ ዲቪዚዮን» ሲባል ብዙ ሰው ዛሬ የምናውቀውን ተደራራቢ የሊግ መሰላል ያስባል። በዚያ ዘመን የስኮትላንድ ሊግ ሁለት ደረጃ ብቻ ነበረው። በ1923 ሦስተኛ ዲቪዚዮን ተሞክሮ ነበር፤ ክለቦቹ ወጪውን መቻል አቅቷቸው በ1926 ፈረሰ። ሁለተኛው ዲቪዚዮን ራሱም እየሳሳ ሄደ። በ1932 አርማዴልና ቦነስ የሚባሉ ክለቦች ለእንግዳ ቡድን መክፈል ያለባቸውን የተወሰነ ገንዘብ ማሟላት ስላልቻሉ ከሊጉ ተባረሩ። የቀሩት 18 ክለቦች ናቸው። እያንዳንዱ 34 ጨዋታ ይጫወታል። ለአሸናፊ ሁለት ነጥብ፣ ለአቻ አንድ። የሚያድጉት ሁለት ብቻ ናቸው። ሦስተኛ የወጣ ምንም አያገኝም፤ የማሟያ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ ዲቪዚዮን የሚወርድ ቡድን ስላልነበረ፣ መሃል ላይ ለተቀመጠ ክለብ ከየካቲት በኋላ ሊጉ ትርጉም ያጣል። የሚያሯሩጠው አንድ ነገር ዋንጫው ነው። የዋንጫ ጨዋታ ደግሞ የበር ገቢ አለው። ለትንሽ ክለብ አንድ ጥሩ የዋንጫ ጉዞ የዓመቱን ቀዳዳ ይደፍናል። አቻ ወጥቶ መደገም ለዛሬ አሰልጣኝ ራስ ምታት ነው፤ ያኔ ግን ለክለቡ ገንዘብ ያዥ ምሥራች ነበር።

የ1937–38 ሁለተኛ ዲቪዚዮን ግን ተራ ዲቪዚዮን አልነበረም። አራቱም የፋይፍ ክለቦች እዚያው ተገናኝተው ነበር፦ ሬዝ ሮቨርስ፣ ካውደንቢዝ፣ ባለፈው ዓመት የወረደው ደንፈርምሊን፣ እና ኢስት ፋይፍ። ከሁሉም በላይ የሜቲል ጎረቤት የሆነችው የኪርኮዲ ከተማ ክለብ ሬዝ ሮቨርስ፣ ዛሬም ድረስ የሚወራለትን ዓመት ያሳለፈው ያኔ ነው። በ34 ጨዋታ 142 ጎል አገባ። በአማካይ በአንድ ጨዋታ ከአራት በላይ ማለት ነው። በስኮትላንድ ሊግ ታሪክ በአንድ የውድድር ዘመን ይህን ያህል ያገባ የለም። 27 አሸነፈ፣ 5 አቻ ወጣ፣ የተሸነፈው 2 ብቻ ነው። በ59 ነጥብም ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ቁጥሩ የሚያስደነግጠው ሰው አይጠፋምና። ጎል እንዲህ የበዛበት ምክንያት አለ። እስከ 1925 ድረስ ለአጥቂ ኳስ ሲላክለት በእሱና በተጋጣሚው የግብ መስመር መካከል ቢያንስ ሦስት ተጋጣሚ መኖር ነበረበት፤ አለዚያ ኦፍሳይድ ነው። በዚያ ዓመት ሦስቱ ወደ ሁለት ተቀነሰ። ሐሳቡን ያቀረበውም የስኮትላንድ እግር ኳስ ማኅበር ነው። ከዚያ በኋላ የመሃል አጥቂዎች ፈነጩ። በ1927–28 የኤር ዩናይትዱ ጂም ስሚዝ በዚሁ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ብቻውን 66 የሊግ ጎል አስቆጠረ። ትልልቆቹ ክለቦች የመሃል አማካዩን ወደ ኋላ ስበው ሦስተኛ ተከላካይ በማድረግ መፍትሔ አበጁ። ታች ያሉት ግን ለመላመድ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ተጫዋቾቻቸውም ብዙዎቹ ኳስን ከሌላ ሥራ ጋር የሚያስኬዱ ነበሩ። በዚያ ዲቪዚዮን 5 ለ 3 እና 6 ለ 2 ማየት ብርቅ አይደለም።

ወደ ሰንጠረዡ ልመለስ። ሬዝ ሮቨርስ በ59 ነጥብ አንደኛ። አልቢዮን ሮቨርስ በ48 ሁለተኛ። ኤርድሪኦኒያንስ በ47 ሦስተኛ። ሴንት በርናርድስ በ45 አራተኛ። ኢስት ፋይፍ በ43 አምስተኛ። ለማደግ አምስትና ስድስት ነጥብ ጎደለው ማለት ነው።

አሁን የዋንጫውን ጉዞ ከዚህ ጋር ያስተያዩት። መጀመሪያ ዙር፦ ኤርድሪኦኒያንስን 2 ለ 1። ሁለተኛ ዙር፦ ደንዲ ዩናይትድን 5 ለ 0። ሦስተኛ ዙር፦ ከአበርዲን ጋር 1 ለ 1፣ ከዚያ አበርዲን ከተማ ሄዶ 2 ለ 1። ሩብ ፍጻሜ፦ ከሬዝ ሮቨርስ ጋር 2 ለ 2፣ ከዚያ ኪርኮዲ ላይ 3 ለ 2። ግማሽ ፍጻሜ፦ ከሴንት በርናርድስ ጋር 1 ለ 1፣ እንደገና 1 ለ 1፣ በሦስተኛው 2 ለ 1። ፍጻሜ፦ ከኪልማርኖክ ጋር 1 ለ 1፣ ከዚያ 4 ለ 2።

በአጠቃላይ 11 ጨዋታ ነው። ከእነዚህ ሰባቱ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለቦች ጋር ናቸው። ከአንደኛ ዲቪዚዮን ያገኘው አበርዲንንና ኪልማርኖክን ብቻ ነው። ሬንጀርስን አላገኘም፤ ሴልቲክንም አላገኘም። «ዕጣ ቀንቶት ነው» የሚሉ ሰዎች መከራከሪያቸው ይህ ነው፤ መከራከሪያው ውሸት የለበትም።

ነገር ግን እነዚያን የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለቦች በስማቸው ይመልከቷቸው። ኤርድሪኦኒያንስ ሦስተኛ የወጣው ነው። ሬዝ ሮቨርስ 142 ጎል ያገባው ሻምፒዮን ነው። ሴንት በርናርድስ አራተኛው ነው። በሊጉ ከኢስት ፋይፍ በላይ ከጨረሱት አራት ክለቦች ሦስቱን ከዋንጫው ያስወጣቸው ራሱ ኢስት ፋይፍ ነው! ያልገጠመው አልቢዮን ሮቨርስን ብቻ ነው። አምስተኛ የወጣ ቡድን በላዩ ያሉትን አንድ በአንድ ማንበርከክ ከቻለ፣ ቀላል ዕጣ ወጥቶለት ነው የሚለው አባባል ጎዶሎ ነው። በእኔ እምነት የዚያን ዓመት ኢስት ፋይፍ በየሳምንቱ ወጥ ሆኖ መጫወት ያቃተው፣ ሲቆርጥ ግን ማንንም የሚያሸንፍ ቡድን ነበር። 34 ጨዋታ የሚፈልገው ወጥነትን ነው፤ ዋንጫ የሚፈልገው መቁረጥን ነው።

ለእኔ የዚያ ዓመት ቁልፍ ጨዋታ ፍጻሜው ሳይሆን የኪርኮዲው ድጋሚ ነው። ሬዝ ሮቨርስ በዓመቱ በሊጉ የተሸነፈው ሁለቴ ብቻ መሆኑን ያስታውሱ። ኪርኮዲና ሜቲል ደግሞ በአንድ የባሕር ዳርቻ ላይ ያሉ ጎረቤቶች ናቸው፤ የአንዱ ከሰል ቆፋሪ የሌላው አማች ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 2 ሲለያዩ፣ ድጋሚው የሬዝ ነው ብሎ ያልገመተ ጥቂት ነው። ሬዞች ግን በገዛ ሜዳቸው 3 ለ 2 ተሸንፈው ወጡ።

አበርዲንም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ከዓመት በፊት፣ በ1937፣ ለፍጻሜ ደርሶ በሴልቲክ 2 ለ 1 የተሸነፈ ክለብ ነው። ያንን ፍጻሜ ሃምፕደን ላይ ከ140 ሺህ በላይ ሰው ተመልክቶታል። እንዲህ ያለውን ቡድን በራሱ ሜዳ ማሸነፍ ዕጣ የሚሰጠው ነገር አይደለም።

ሬንጀርስና ሴልቲክ የት ሄዱ ብለው ይሆናል። ሁለቱንም ያስወጣቸው ኪልማርኖክ ነው። እዚህ ውስጥ ደስ የሚል ታሪክ አለ። የኪልማርኖክ አሰልጣኝ ጂሚ ማክግሮሪ ነበር። ለሴልቲክ ወደ 400 የሚጠጋ የሊግ ጎል አስቆጥሮ ታህሣሥ 1937 ጫማውን የሰቀለ አጥቂ ነው። ኪልማርኖክን የተረከበው ሊወርድ ሲንገዳገድ ነው። በጥቂት ወር ውስጥ በሴልቲክ ሜዳ የቀድሞ ጓደኞቹን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሴልቲክ በዚያ ዓመት የሊጉ ሻምፒዮን ነው። በግማሽ ፍጻሜው ደግሞ ሬንጀርስን 4 ለ 3። ከመውረድም ለጥቂት ተረፈ። ኢስት ፋይፍ በፍጻሜው ያገኘው ሁለቱን ግዙፎች የጣለ ቡድን ነው፤ «ደካማ ተጋጣሚ» ለማለት ይከብደኛል።

የመጀመሪያው ፍጻሜ ሚያዝያ 23 ቅዳሜ ተደረገ። 80,091 ሰው ገባ። ለኢስት ፋይፍ ማክሌዎድ፣ ለኪልማርኖክ ማክአቮይ አስቆጠሩ፤ 1 ለ 1። ድጋሚው ለረቡዕ ተቀጠረ።

በቡድኑ ውስጥ ችግር የመጣው እዚህ ላይ ነው። አማካዩ ሄርድ ተጎድቶ ለረቡዕ እንደማይደርስ ታወቀ። ዛሬ 25 ተጫዋች ያለው ክለብ ምንም አይመስለውም። በዚያ ዘመን ጨዋታ ከተጀመረ ወዲያ ተቀያሪ የሚባል ነገር የለም፤ ትንሽ ክለብ ደግሞ ቦታውን የሚሸፍን ሌላ ሰው ላይኖረው ይችላል። አሰልጣኙ ዴቪድ ማክሊን ወደ ኤድንብራ ተሻግሮ ከሃርትስ ጆን ሃርቪ የሚባል ተጫዋች በውሰት አመጣ። ደንቡ ይፈቅድ ነበር። ሃርቪ ለኢስት ፋይፍ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በዋንጫ ፍጻሜ ላይ ነው ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ አብረውት የተሰለፉትን ከልምምድ ሜዳ እንኳ በደንብ የማያውቅ ሰው፣ 92,716 ተመልካች ፊት፣ የሀገሪቱ ዋንጫ ላይ። ጨዋታው ሲያልቅ የአሸናፊነት ሜዳሊያ አጠለቀ። ከጦርነቱ በኋላ ሃርቪ በሃርትስ የአሰልጣኞች ቡድን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሠርቶ፣ በ1966 ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ማክሊን ራሱም ከ1941 ጀምሮ ሃርትስን አሠልጥኗል።

የተመልካቹን ቁጥር ልብ ይበሉ። በሥራ ቀን የተደረገው ድጋሚ ከቅዳሜው ይልቅ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ጨምሯል። አንድ ቡድን ከሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ሌላው ከአንደኛው ግርጌ፣ ሬንጀርስ የለ፣ ሴልቲክ የለ፤ ሕዝቡ ግን ጎረፈ። ገለልተኛው የግላስጎው ሰው የታሪክ ሽታ ሸቶት የመጣ ይመስለኛል። ከፋይፍ ለሚመጣውም መንገዱ ቀለል ብሎ ነበር፤ የኪንካርዲን ድልድይ በ1936 ተከፍቶ በመኪና ወደ ግላስጎው የሚሄደውን መንገድ አሳጥሮታል።

ረቡዕ ዘጠና ደቂቃው በ2 ለ 2 አለቀ። ኪልማርኖክ አንዱን በፍጹም ቅጣት ምት ነው ያገኘው። ሠላሳ ደቂቃ ተጨመረ። ኢስት ፋይፍ በግማሽ ፍጻሜ ብቻ ሦስት ጊዜ ተጫውቶ የመጣ ቡድን ነው። ይህ አሥራ አንደኛው የዋንጫ ጨዋታው ነው። ሊጉ ሲደመር ወደ 45 ጨዋታ ይጠጋል፤ በጭቃማ ሜዳ፣ ውሃ ጠጥቶ በሚከብድ የቆዳ ኳስ። እግር የሚዝለው የእነሱ መሆን ነበረበት። በጭማሪው ሰዓት ጎል ያገቡት ግን እነሱ ናቸው፤ ሁለት። ከአራቱ ጎሎች ሁለቱን ያስቆጠረው ከፎልከርክ የመጣው የግራ ክንፍ ማክኬረል ነው። ሌሎቹን ማክሌዎድና ሚለር።

እነሆ የመጨረሻው ጥያቄዎ፦ ለምን አላደገም? ቀጥተኛው መልስ፣ የዋንጫ ድል ከሊግ ማደግ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ዋንጫውን ቢያነሱም አምስተኛ አምስተኛ ነው። የዋንጫው ጉዞ ሊጉን ጎድቶባቸዋል ወይ ካሉኝ፣ የጎዳቸው ይመስለኛል። ከሩብ ፍጻሜ እስከ ፍጻሜ ድረስ ብቻ ሰባት ጨዋታ፣ ያውም ሊጉ በሚወሰንበት ወቅት፣ እንደዚያ ባለ ጠባብ ቡድን ላይ ሲጫን አምስትና ስድስት ነጥብ መፍሰሱ አይገርምም። እኔ ብሆን ግን ዋንጫውን ሰጥቼ ማደጉን አልወስድም ነበር። ለምን እንደሆነ የሬዝ ሮቨርስ ዕጣ ይነግርዎታል። 142 ጎል አግብቶ አደገ፤ በ1938–39 የአንደኛው ዲቪዚዮን መጨረሻ ሆኖ ተመልሶ ወረደ።

ኢስት ፋይፍ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ሞከረ። በ1938–39 ካውደንቢዝ በ60 ነጥብ ሲያልፍ፣ ኢስት ፋይፍና አሎዋ እኩል 48 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ያኔ የሚለያቸው ያስቆጠሩት ጎል በተቆጠረባቸው ጎል ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነበር። በእሱ አሎዋ በለጠና ሁለተኛ ሆነ። ኢስት ፋይፍ ሦስተኛ ሆኖ ቀረ። ለአሎዋና ለካውደንቢዝም ቢሆን አልጠቀመም። መስከረም 1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ በአንደኛው ዲቪዚዮን አምስት ጨዋታ ብቻ ተጫውተው ሊጉ ቆመ። ሰላም ሲመለስ ክለቦቹ እንደ አዲስ ሲደለደሉ ሁለቱም ያገኙት ቦታ «ቢ» በተባለው በታችኛው ዲቪዚዮን ነው።

ሜቲሎች ያሰቡትን ያገኙት በ1947–48 ነው። ያንን ዓመት የ«ቢ» ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆኑ፤ አዲስ የተጀመረውን የሊግ ዋንጫም በድጋሚ ጨዋታ ፎልከርክን 4 ለ 1 ረትተው ወሰዱ። አሁንም ከታችኛው ዲቪዚዮን ሆነው ማለት ነው። ካደጉ በኋላ የሊግ ዋንጫውን ሁለት ጊዜ ደገሙት። በ1951–52 እና በ1952–53 ደግሞ በከፍተኛው ዲቪዚዮን ከሂበርኒያንና ከሬንጀርስ ቀጥለው ሦስተኛ ወጡ።